«ያገለገለ መጽሐፍ» እና ደራሲው፦ በአሮጌ መጻሕፍት ንግድ ውስጥ የእኛ ድርሻ

1. መነሻ

በአዲስ አበባ ደራስያን በተሰበሰቡበት ሁሉ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ስሞታ አለ፤ አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ የደራሲውን እንጀራ ይወስዳል የሚል። አንድ ቅጂ አምስት ጊዜ ቢሸጥ ነጋዴው አምስት ጊዜ ያተርፋል፤ ደራሲው የሚከፈለው ግን ለመጀመሪያው ሽያጭ ብቻ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው። ከሒሳቡ የሚወሰደው ድምዳሜ ግን የተሟላ አይመስለኝም።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሂስ ሁለት ወገኖችን ይነካል። የመጀመሪያው ስሞታ አቅራቢው ነው፤ ሦስት የተለያዩ ንግዶችን በአንድ ስም ጠርቶ የሁሉንም ጥፋት በአንዱ ላይ ይጥላልና። ሁለተኛው እኛው ራሳችን፣ የአካባቢውን ቋንቋዎች የምናጠና የሥነ ልሳን ሰዎች ነን። ከአሮጌ መጻሕፍት ንግድ እጅግ ከሚጠቀሙት ወገኖች አንዱ እኛ ሆነን ሳለ፣ የደራሲው ድርሻ በተነሳ ቁጥር የእኛ ስም አብሮ አይነሳም። ማስረጃዬን በአብዛኛው የምወስደው ከአዲስ አበባ የአማርኛ መጻሕፍት ገበያ ነው፤ በእንግድነት የቆየሁባትን ናይሮቢንና ሌሎች የአካባቢውን ቋንቋዎች ለማነጻጸሪያ እጠቅሳለሁ።

2. የስያሜው ጉዳይ

ከቃል መጀመር የሙያችን ልማድ ነው። እዚህ ላይ ግን ልማዱ ለነገሩ ፍሬም ይጠቅማል። አማርኛ ሌላ ሰው ለተጠቀመበት ዕቃ ሁሉ አንድ ወጥ ስም የለውም። ልብስ ከሆነ «ሰልባጅ» ነው፤ ታስሮ በጅምላ ሲመጣ «ቦንዳ» ይባላል። መኪናና የቤት ዕቃ «ያገለገለ» ነው። መጽሐፍ በገበያው አፍ «አሮጌ» ሲሆን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ «ያገለገሉ መጻሕፍት» ተብሎ ከፍ ይላል። «ሰልባጅ መጽሐፍ» የሚል ሻጭ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ተናጋሪው ልብሱና መጽሐፉ በአንድ መንገድ እንደማያረጁ ያውቃል ለማለት ያስደፍራል፤ ልብስ በመለበስ ይሳሳል፣ የመጽሐፍ ወረቀቱ ቢሳሳም ቃሉ እንዳለ ይቆያል።

በናይሮቢ ስዋሒሊ ተናጋሪው ለልብሱ «ሚቱምባ» ይላል፤ መሠረቱ እንደ ቦንዳ ሁሉ «እስር፣ ጥቅል» ማለት ነው። በእግረኛ መንገድ ላይ መጻሕፍት ዘርግቶ የሚሸጠውን ደግሞ «ኢናማ» በሚለው ቃል ይጠራዋል፤ «ጎንበስ በል» ማለት ነው፤ ገዢው ምድር ላይ የተዘረጋውን ለማየት ጎንበስ ማለት አለበትና። የአማርኛው ስያሜ የዕቃውን ሁኔታ ይገልጻል፤ የናይሮቢው የገዢውን አካል እንቅስቃሴ ይገልጻል። ደራሲው በሁለቱም ውስጥ የለም።

ስያሜው አንድ ይሁን እንጂ በለገሃር፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ በአራት ኪሎ ወይም በመርካቶ በአንድ ሸራ ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተው የምናያቸው ነገሮች ከሦስት ንግዶች የመጡ ናቸው። አንደኛው በሕጋዊ መንገድ ታትሞ አንድ ጊዜ የተሸጠ ቅጂ እንደገና ሲሸጥ ነው። ሁለተኛው ኪራይ ነው፤ አንባቢው መያዣ አስይዞ መጽሐፉን ለተወሰኑ ቀናት ይወስዳል፣ ሲመልስ የኪራዩን ይከፍላል። ሦስተኛው ያለ ደራሲው ፈቃድ የታተመ ወይም ፎቶ ኮፒ የተደረገ ቅጂ ነው፤ አንዳንዴ ሆን ተብሎ ያረጀ ይመስል በአሮጌዎቹ መካከል ይሰገሰጋል። ይህ ሦስተኛው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩን «ሌባ» የሚለው ስሞታ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን እያሰበ የመጀመሪያውን ይወነጅላል። የተሰረቀውንና የተሸጠውን በአንድ ቃል የሚጠራ ክስ ለእውነተኛው ሌባ መሸሸጊያ ይሆነዋል።

3. ደራሲው የሚያጣው

ሦስተኛውን ንግድ ለሕግ ትተን ወደ መጀመሪያው ብንመለስ፣ ደራሲው የሚያጣውን ለመመዘን መጽሐፉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ መለየት ያስፈልጋል።

መጽሐፉ ገና በገበያ ላይ ካለ ጉዳቱ እውነተኛ ነው። አዲሱን ሊገዛ ይችል የነበረ ተማሪ አሮጌውን በግማሽ ዋጋ ካገኘ ለደራሲው አንድ ሽያጭ ቀረበት። ይህን መካድ አይገባም። በአማርኛ ኅትመት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ በደርግ ዘመን እንደ ኩራዝ ያለ የመንግሥት አሳታሚ ይሸከመው የነበረውን ወጪ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው ደራሲው ራሱ ነው። ተበድሮ ያሳትማል፤ ለአከፋፋዩ በቅናሽ ያስረክባል፤ ገንዘቡም ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ አንዲት የቀረች ሽያጭ የምትነካው የራሱን የወረቀት ዕዳ ነው።

ይሁንና በዚሁ ገበያ ላይ ደራሲውን ይበልጥ የሚጎዳ፣ ነገር ግን ማንም «አሮጌ» ብሎ የማይጠራው ልማድ አለ። የመጽሐፉ ዋጋ በጀርባ ሽፋኑ ላይ ታትሞ ይወጣል። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ሲንር አንዳንድ ሻጭ በታተመው ዋጋ ላይ አዲስ ዋጋ ይለጥፋል ወይም የቀድሞውን ይፍቃል። መጽሐፉ ገና አልተነበበም፤ በቀድሞው ዋጋ ታስቦ ተረክቧል፤ ልዩነቱ ግን ወደ ደራሲው አይመለስም። ደራሲው በአሮጌው መጽሐፍ ላይ የሚያዝነውን ያህል በዚህ በአዲሱ ላይ ቢያዝን ስሞታው ወደ ትክክለኛው በር ባመራ ነበር።

መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ታትሞ ይቀራል። ካለቀ በኋላ አሮጌው ቅጂ የሚወስደው አዲስ ሽያጭ የለም። እዚህ ላይ ደራሲው የሚያጣው ወሬ ነው፦ መጽሐፉ እንደሚፈለግ፣ በማን እንደሚፈለግ፣ ስንት እንደሚከፈልበት። ይህን ሁሉ ሻጩ ያውቃል። የትኛው መምህር የትኛውን ልቦለድ ለክፍሉ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ቅጂ ከተገኘ ስልክ ሊደወልለት የሚጠብቅ ሰው እንዳለ በቃሉ ይዟል። ደራሲው ግን ቤቱ ተቀምጦ መጽሐፉ የተረሳ ይመስለዋል። ዳግም ለማሳተም የሚያደፋፍረው ማስረጃ ከቤቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ነጋዴ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል።

ሦስተኛው ሁኔታ የታገደ መጽሐፍ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ከመሰብሰብ ያመለጡት ቅጂዎች ግን ከሽፋኑ ዋጋ እጅግ በላቀ ገንዘብ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። በኬንያም የንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የኪኩዩ ልቦለድ «ማቲጋሪ» እ.ኤ.አ. በ1986 ታትሞ በተከታዩ ዓመት ፖሊስ ከየመደብሩ ሰበሰበው። እንዲህ ባለ ጊዜ ድብቁ ገበያ ለደራሲው ሳንቲም አላስገባም፤ ሊጠፋ የተፈረደበትን ቃል ግን አሻግሯል። ይህን ከእንጀራ ነጠቃ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይከብደኛል።

4. በገበያው የሚተርፈው

አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ከሌለ መጽሐፉ ወዴት ይሄዳል? የሞተ ሰው ቤት ሲጸዳ፣ ወይም ቤተሰብ ሲለቅ፣ መጽሐፉ «ቆራሌው» እያለ ለሚዞረው ሰው ይሰጣል። (ቃሉ «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ጥሪ ተኮማትሮ የመጣ ነው ይባላል።) ከዚያ መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ወደ መጻሕፍት ተራ ያደርሳል፤ ሌላው ወደ ሱቅ፣ ቆሎና በርበሬ መጠቅለያ ወደመሆን ይወስዳል። ሻጩ በዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ የሚመርጥ ሰው ነው። ምርጫውን የሚመራው ትርፍ ቢሆንም ውጤቱ የመዝገብ ቤት ሥራን ይመስላል።

ለእኛ ሙያ የዚህ ጥቅም በግልጽ ሊነገር ይገባል። የአማርኛ ልቦለድ ዳግም ሲታተም ብዙ ጊዜ እንደገና ይለቀማል። በለቀማው ጊዜ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የጸሐፊውን ልማድ ትተው የለቃሚውን ልማድ ይከተላሉ። የአገሬው አነጋገር የተጻፈበት ምልልስም አንዳንዴ ወደ መደበኛው «ይታረማል»። በዳግም ኅትመቱ ላይ ተመሥርቶ የሞክሼ ፊደላትን ድግግሞሽ የሚቆጥር ተማሪ የሚለካው የለቃሚውን እጅ ነው። የደራሲው የራሱ ሥርዓተ ጽሕፈት የሚገኘው በመጀመሪያው እትም ላይ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሸራ ላይ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብዙ አከማችቷል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ በትንሽ ቁጥር የታተመውን ሁሉ መሰብሰብ ግን ለአንድ ቤተ መጻሕፍት አይቻልም።

የሶማልኛ ሁኔታ ይህን ያጎላዋል። የላቲኑ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1972 በይፋ ከተወሰነ በኋላ በተከተሉት ዓመታት የወጡት መጻሕፍት የአዲሱ ሥርዓተ ጽሕፈት የመጀመሪያ ምስክሮች ናቸው። በ1991 መንግሥቱ ሲፈርስ የመንግሥት ተቋማትና ስብስቦቻቸው አብረው ፈረሱ። ለዚያ ዘመን ጽሑፍ ተመራማሪ በግለሰብ እጅ የቀረ አሮጌ ቅጂ እንደ ሀብት የሚታየው ለዚህ ነው።

ደራስያንም አንድ ቅጂ በብዙ ሰው መነበቡን ሁልጊዜ እንደ ኪሳራ አላዩትም። ንጉጊ በኪኩዩ የጻፈው የመጀመሪያ ልቦለዱ በየቤቱና በየመጠጥ ቤቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ እንደነበር በኩራት ተናግሯል። በእኛም ዘንድ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን ገዝቶ የማያውቅ ሰው ጉዱ ካሳን አወቀ። በአካባቢያችን ቋንቋዎች መጽሐፍ ከገዢው ይልቅ ሰሚውና ተዋሹ ይበዛል። ይህን ዘንግቶ እያንዳንዱን አንባቢ እንደ አንድ የቀረ ሽያጭ መቁጠር በሌላ ገበያ ሚዛን መመዘን ነው።

5. የእኛ ድርሻ

እስካሁን ለነጋዴው ጠበቃ የቆምሁ እመስላለሁ። አሁን ወደ ተከሳሹ ሣጥን ራሴ ልግባ።

የዶክትሬት ጥናቴ በአማርኛ ልቦለድ ምልልስ ውስጥ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎና አንቱ እንዴት እንደሚለዋወጡ የሚመረምር ነበር። ከምንጮቼ አንዱ ከለገሃር የገዛሁት፣ ሽፋኑና የመጀመሪያ ቅጠሎቹ የወደቁ ልቦለድ ነው። የደራሲውን ስም ለማወቅ ብዙ አልደከምሁም። በጥናቴ ውስጥ «ልቦለድ ሐ» ብዬ ሰየምሁት፤ በርካታ የአብነት ዓረፍተ ነገሮችም ወሰድሁበት። ከዓመታት በኋላ ሙሉ ቅጂ አጋጥሞኝ ስሙን አነበብሁ። ደራሲው በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ሆነው ተገኙ። ጥናቴን ይዤ ሄድሁ። ካነበቡት በኋላ ተመልሼ እንድመጣ ነገሩኝ።

«ጋሼ፣ መጽሐፍዎን ያለ ስምዎ ተጠቅሜበታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው።

«ስሜንስ ተወው» አሉኝ። «ገንዘቡም አንድ ጊዜ ተከፍሎኛል፤ በልቼዋለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው። አባትየው ከከተማ የተመለሰውን ልጁን ‹አንቱ› ያለበትን ቦታ ‹የኅትመት ስህተት ሳይሆን አይቀርም› ብለህ አልፈኸዋል። ስህተት አይደለም፣ ልጄ። እየተሳለቀበት ነው። አገሩ ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

በጥናቴ ውስጥ አክብሮትን ለስላቅ የመገልበጥ ልማድ የሚል ክፍል የለም። ሊኖር ይችል ነበር። ማስረጃው በእጄ ነበር፤ ጠያቂ አጥቶ እንደ ስህተት ተመዘገበ። ሳነጋግራቸው ሌላም ነገር ተረዳሁ፤ እሳቸው ራሳቸው የመጽሐፋቸው ቅጂ አልነበራቸውም። የመጨረሻዋን ያዋሱት ሰው አልመለሰላቸውም። ሙሉውን ቅጂ ትቼላቸው ሽፋን አልባውን ይዤ ተመለስሁ።

ይህን የምተርከው ለንስሐ አይደለም፤ ልማዱ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ፣ የአብነት ዓረፍተ ነገር ስንለቅም፣ ዛሬም በኮምፒውተር የሚነበብ የጽሑፍ ክምችት ስንገነባ፣ ጥሬ ዕቃችን በአብዛኛው ከአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ይመጣል። መጽሐፉን በርካሽ ገዝተን ገጽ በገጽ እናነሳዋለን፤ ከዚያም «የ1970ዎቹ ልቦለድ» በሚል ጥቅል ስም ከሌሎች ጋር እናዋህደዋለን። ነጋዴው ቅጂውን ሲሸጥ ቢያንስ የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ እንዳለ ይቆያል። እኛ ጋ ሲደርስ ስሙ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያም በክምችቱ የዕድገት ደረጃ እናገኛለን፤ የጥናት በጀት እናገኛለን። አሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ከሚያተርፈው ጋር ሲነጻጸር የእኛ ትርፍ የሚናቅ አይደለም።

6. ምን ይበጃል?

ለደራሲው ከዳግም ሽያጭ ድርሻ የማስገኘት ሐሳብ በሌላ አገርም ተሞክሯል። በአሜሪካ አንድ አሳታሚ በልቦለዱ ላይ «ከ1 ዶላር ባነሰ መሸጥ የመብት ጥሰት ነው» ብሎ ቢያትምም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1908 መጽሐፉ አንዴ ከተሸጠ በኋላ አሳታሚው በዋጋው ላይ ማዘዝ አይችልም ሲል ፈረደ። ዴንማርክ በ1946 ከቤተ መጻሕፍት ለሚዋስ መጽሐፍ ለደራሲው የሚከፈልበትን ሥርዓት ጀመረች። ኬንያ በ2019 ባሻሻለችው ሕግ ሠዓሊ ሥራው እንደገና ሲሸጥ 5 በመቶ እንዲያገኝ ፈቅዳለች፤ ይህ ግን የታተመ መጽሐፍን አይመለከትም። በብሪታንያ በ2021 ሁለት አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ኩባንያዎች ከደራስያን ማኅበራት ጋር ተስማምተው በፈቃዳቸው ለደራስያን የሚከፋፈል ገንዘብ መድበዋል።

ከእነዚህ መካከል በሸራ ላይ ለሚሸጠው የአዲስ አበባ ነጋዴ የሚስማማ አላገኘሁም። ሽያጩ በደረሰኝ አይደለም፤ ቦታው ዛሬ ኖሮ ነገ የሚነሣ ነው። በእሱ ላይ የሚጣል መዋጮ ደራሲው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ደረሰኝ፣ በጀትና መዝገብ ያለን እኛ ነን። ስለዚህ ግዴታው ከእኛ ቢጀምር ተገቢ ነው። የማቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ከአሮጌ ቅጂ ማስረጃ የወሰደ ጥናት ሁሉ የደራሲውን ስም፣ እትሙንና ቅጂው የተገኘበትን ቦታ ይመዝግብ፤ የጎደለ ገጽ ካለም ይግለጽ። ሁለተኛ፣ ደራሲው በሕይወት ካለ ከኅትመት በፊት ይጠየቅ፤ የእኔ «አንቱ» የጠፋው በዚህ ጉድለት ነው። ሦስተኛ፣ ገጽ በገጽ የተነሣ መጽሐፍ አንድ ንጹሕ ቅጂ ለደራሲው ወይም ለወራሾቹ ይሰጥ፤ ዳግም ለማሳተም መነሻ ይሆናቸዋል፤ ስለ ፍላጎቱ ከሻጩ የሰማነውንም ወሬ አብረን እናድርስ። አራተኛ፣ ክምችት ለመገንባት በሚጠየቅ በጀት ውስጥ ለመጽሐፍ መግዣ እንደሚመደበው ሁሉ ለደራሲው የሚከፈል ድርሻ በራሱ መስመር ይቀመጥ።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሡብኛል። መጥቀስ በሕግ የተፈቀደ ስለሆነ ክፍያ አያስፈልግም የሚል አንዱ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን አዋጁ ጥቅስን ሲፈቅድ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲገለጽ ያዛል። ሙሉ መጽሐፍ አንሥቶ በክምችት ውስጥ ማስገባትም ከመጥቀስ የሰፋ ተግባር ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ደራስያኑ ሞተዋል፣ ወራሾቻቸው አይታወቁም የሚል ነው። የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚቆይ የ1970ዎቹ መጻሕፍት አብዛኞቹ ገና ባለቤት አላቸው። ወራሽ የማፈላለጉ ሥራ አድካሚ መሆኑን አልክድም። አንድ ቃል አቀባይ ተናጋሪ ፍለጋ ሦስት ቀን በእግር የሚጓዝ ሙያ ግን አንድ ደራሲ ለማግኘት ሁለት ስልክ መደወል ይከብደኛል ቢል የሚያምነው አያገኝም።

«ያገለገለ» የሚለው ቃል በአማርኛ ለሰውም ይሠራል፤ አገልግሎቱም ደመወዝ ወይም ቢያንስ ምስጋና ይጠይቃል። በእጃችን ያለው መጽሐፍ ያገለገለ ከሆነ ያገለገለው እኛን ነው። ይህ ተከታታይ ኅትመት ከቀጣዩ ቁጥር ጀምሮ ከላይ የጠቀስሁትን የመጀመሪያ ሐሳብ ለጽሑፍ አቅራቢዎች ሁሉ ግዴታ ቢያደርገው፣ ስሞታውን ከነጋዴው ጫንቃ ላይ አንሥተን ድርሻችንን መሸከም እንጀምራለን።